ቺሜኔያ፦ ርካሹ ሸክላ ገዢው ግቢ ሲደርስ ለምን ይወደዳል?

በሜክሲኮ ከሸክላ የሚሠራ አንድ የግቢ ምድጃ አለ። ሆዱ እንደ ጋን የተነፋ፣ አንገቱ ረጅም፣ አፉ ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ የተከፈተ ነው። ስሙ ቺሜኔያ ይባላል። ከሸክላ ሠሪው ደጃፍ ሲገዛ እንደማንኛውም የሸክላ ዕቃ ርካሽ ነው። ይኸው ዕቃ በአሜሪካ ወይም በእንግሊዝ ከአንድ የአትክልት ዕቃ መደብር ሲወጣ ግን ዋጋው በብዙ እጥፍ አድጎ ይገኛል። ልዩነቱን ማን ወሰደው ተብሎ ቢጠየቅ የብዙ ሰው መልስ «ነጋዴው» የሚል ነው። ሒሳቡ ሲፈተሽ ግን ከነጋዴው ቀድመው ድርሻቸውን የሚያነሱ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። እነሱም በኮንቴነር ውስጥ የሚጓዘው አየር፣ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ስብራትና ገዢው በአጠቃቀም ጉድለት የሚሰነጥቀው ዕቃ ናቸው።

የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ምድጃ የመረጠበት ምክንያት ግዙፍ፣ ተሰባሪና ርካሽ የሆነ ዕቃ የሚነግድ ሁሉ የሚገጥመውን ሒሳብ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

ዕቃው ምንድነው?

ቺሜኔያ የስፓኝ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ጭስ ማውጫ ወይም የግድግዳ ምድጃ ማለት ነው። ሥሩ «ካሚኑስ» የሚለው የላቲን ቃል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነጋዴዎች ብዙውን ጊዜ «ቺሚኒያ» ብለው ስለሚጽፉት በደረሰኝና በማስታወቂያ ላይ ሁለቱም ስሞች ይገኛሉ። ዕቃው ግን አንድ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እሳቱ የሚነደው ሆዱ ውስጥ ነው። የሞቀው አየር ቀላል ስለሚሆን በአንገቱ በኩል ሽቅብ ይወጣል። በወጣ ቁጥርም በአፉ በኩል ንጹሕ አየር ይስባል። በዚህ ምክንያት ጭሱ ዙሪያውን በተቀመጡት ሰዎች ዓይን ውስጥ ከመግባት ይልቅ ከራሳቸው በላይ ይወጣል፤ ሙቀቱ ደግሞ በአፉ በኩል ወደ ፊት ይመጣል። የሸክላው ግድግዳም ሙቀት ስለሚይዝ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ መሞቅ ይቻላል። ሜዳ ላይ ከሚነድ እሳት የሚለየው በዚህ ነው። ነፋስ በሚኖርበት ጊዜ አፉን ከነፋሱ አቅጣጫ ማዞር ይበቃል።

ቀን ሞቃት፣ ማታ ቀዝቃዛ ለሆነው ለሰሜን ሜክሲኮና ለአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በረሃማ አካባቢ ይህ የተስማማ ዕቃ ነው። በኒው ሜክሲኮና በአሪዞና ፒኞን የሚባለውን መልካም ሽታ ያለው እንጨት ያነዱበታል። ሻጮች ስለ ዕቃው ሲያወሩ በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ታሪክ ይጠቅሳሉ። ወሬው ለማስታወቂያ ይጠቅማል፤ ለነጋዴ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው የቅርብ ጊዜ ታሪኩ ነው።

ገበያው የተከፈተበት ዘመን

በሜክሲኮ በሸክላ ሥራ ከሚታወቁት ከተሞች መካከል ቶናላና ትላኬፓኬ ይገኛሉ። ሁለቱም በሐሊስኮ ክፍለ ግዛት፣ ከጓዳላሐራ ከተማ አጠገብ ናቸው። የቶናላ የሸክላ ሙያ ስፓኞች ከመምጣታቸው በፊት የነበረ ሲሆን ሐሙስና እሑድ የሚቆመው የመንገድ ላይ ገበያዋ ከሩቅ ነጋዴ ይስባል። ከዚያ እስከ አሜሪካ ድንበር እስከ ላሬዶ ያለው የመኪና መንገድ ወደ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ቺሜኔያ ከድንበር አካባቢ ዕቃነት ወጥቶ በአሜሪካና በእንግሊዝ የጓሮ ፋሽን የሆነው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የከተማው ነዋሪ ጓሮውን እንደ አንድ ተጨማሪ ክፍል ማየት የጀመረበት ጊዜ ነበር። ከፍላጎቱ ሌላ ሁለት የኢኮኖሚ ክስተቶች ለላኪው አመቺ ሆነዋል። የመጀመሪያው ሜክሲኮን፣ አሜሪካንና ካናዳን ያስተሳሰረው የሰሜን አሜሪካ ነፃ የንግድ ስምምነት እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1994 ሥራ ላይ መዋሉ ነው። (ይህ ስምምነት ከሐምሌ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በሌላ የሦስትዮሽ ስምምነት ተተክቷል።) ሁለተኛው የሜክሲኮ ገንዘብ ውድቀት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 መንግሥት የፔሶን የምንዛሪ ተመን ለመልቀቅ ተገደደ። አንድ ዶላር በ3.5 ፔሶ ገደማ ይመነዘር የነበረው በመጋቢት 1995 ከ7 ፔሶ በላይ ሆነ።

ወጪው በፔሶ፣ ገቢው በዶላር ለሆነ ሰው የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። በዶላር የሚገዛው አስመጪ በዚያው ገንዘብ እጥፍ ሸክላ ማግኘት ቻለ። ሆኖም እንዲህ ያለው ዕድል ዘላቂ አይደለም። በዚያው በ1995 በሜክሲኮ የዋጋ ግሽበት 52 በመቶ ያህል ደርሶ ነበር። ከምንዛሪ የተገኘው ጥቅም በማገዶ፣ በጉልበትና በትራንስፖርት ዋጋ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይበላል።

አየር የሚጭን ኮንቴነር

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ወርዱ ግማሽ ሜትር የሆነ ቺሜኔያ በሣጥን ሲታሸግ 0.3 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር የውስጥ ስፋቱ 33 ሜትር ኩብ ያህል ነው። በወረቀት ላይ 110 ዕቃ ይይዛል ማለት ነው። በሣጥኖቹ መካከል የሚባክነው ቦታ ሲቀነስ 100 እንበል።

የአንዱ ክብደት 35 ኪሎ ነው ብንል መቶው በድምሩ 3.5 ቶን ይመዝናል። ኮንቴነሩ ግን ከ20 ቶን በላይ የመሸከም አቅም አለው። ስለዚህ ነጋዴው ሙሉ ኮንቴነር ተከራይቶ የሚያስጭነው የአቅሙን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። የቀረው በሸክላው ሆድ ውስጥ ያለ አየር ነው።

ሙሉ ኮንቴነር የማይሞላ ነጋዴም ከዚህ አያመልጥም። በጋራ በሚጫን የባሕር ጭነት ሒሳቡ የሚሠራው በሜትር ኩብ ወይም በቶን፣ ከሁለቱ በሚበልጠው ነው። በዚህ ስሌት 35 ኪሎ የሚመዝነው ቺሜኔያ የሚከፈልበት 300 ኪሎ እንደሚመዝን ዕቃ ተቆጥሮ ነው።

የአበባ ማሰሮ ነጋዴ ይህ ችግር የለበትም። ማሰሮው አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ስለሆነ አንዱ በሌላው ውስጥ እየተሰካ ይጓዛል። ቺሜኔያ ግን ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ነውና አይሰካም። አንገቱ ለብቻው ተሠርቶ በኋላ የሚገጠም ሲሆን ቦታ ይቆጥባል። ሆዱና አንገቱ የሚገናኙበት ስፍራ ደካማ በመሆኑም አንድ ወጥ ከሆነው ይልቅ በጉዞ ላይ የመሰበር ዕድሉ ይቀንሳል።

ስብራቱ የማን ነው?

ቀጥሎ የሚመጣው ስብራት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ 100 ቺሜኔያ እያንዳንዱን በ20 ዶላር ገዛ እንበል። ለማሸጊያ፣ ለትራንስፖርትና ለትራንዚት ለአንዱ 40 ዶላር አወጣ። ጠቅላላ ወጪው 6 ሺህ ዶላር ነው። ሁሉም በደህና ከደረሰ የአንዱ ዋጋ 60 ዶላር ይሆናል። አሥሩ ቢሰበሩ ወጪው በ90 ስለሚካፈል የአንዱ ዋጋ 66 ዶላር ከ67 ሳንቲም ይገባል። ሃያው ቢሰበሩ 75 ዶላር ይደርሳል።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሸክላው ሲሰበር የጠፋው የሸክላው 20 ዶላር ብቻ አይደለም፤ የተከፈለለት 40 ዶላር የጉዞ ወጪም አብሮ ይሰበራል። ስለዚህ ሸክላ ሠሪውን 2 ዶላር ለማስቀነስ ከመከራከር ይልቅ 2 ዶላር ጨምሮ ወፍራም ግድግዳና ጠንካራ ሣጥን ማግኘት ይበልጥ ያዋጣል። በምሳሌያችን ላይ 2 ዶላር ተጨምሮ ስብራቱ ከሃያ ወደ አሥር ቢወርድ የአንዱ ዋጋ ከ75 ዶላር ወደ 68 ዶላር ከ89 ሳንቲም ይወርዳል።

«ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ የሚተኛ ነጋዴም ውሉን ደግሞ ቢያነብ ይመረጣል። በዓለም የባሕር ንግድ በሰፊው የሚሠራባቸው የጭነት መድን ውሎች «ኤ»፣ «ቢ» እና «ሲ» ተብለው የሚታወቁት ናቸው። «ሲ» የሚባለው የሚሸፍነው እንደ መርከብ መስጠም፣ ግጭትና ቃጠሎ ያሉ ከባድ አደጋዎችን እንጂ በአያያዝ ምክንያት የሚደርስ ስብራትን አይደለም። በሲ.አይ.ኤፍ. ሲገዛ ሻጩ የመግባት ግዴታ ያለበት ይህንኑ ዝቅተኛውን «ሲ» ነው። ኃላፊነቱ ደግሞ በኤፍ.ኦ.ቢ.ም ሆነ በሲ.አይ.ኤፍ. ዕቃው በላኪው ወደብ መርከብ ላይ ከተጫነበት ጊዜ ጀምሮ ወደ ገዢው ይተላለፋል። ሰፊ ሽፋን ያለው «ኤ» እንኳ በአስተሻሸግ ጉድለትና ዕቃው በራሱ ባሕርይ ምክንያት ለሚደርስበት ጉዳት አይከፍልም። ለሸክላ ነጋዴ እነዚህ ሁለቱ ዋነኞቹ የጉዳት መንገዶች ናቸው።

ማሸጊያው የእንጨት ሣጥን ከሆነም አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በዓለም አቀፉ የዕፀዋት ጥበቃ ደንብ መሠረት እንጨቱ ቢያንስ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ እስከ መሐሉ መሞቅ ወይም በሌላ በተፈቀደ መንገድ መታከም፣ ማኅተምም ሊኖረው ይገባል። ማኅተም የሌለው ሣጥን ወደብ ላይ ዕቃውን ያስይዛል።

ያልሟሸ ሸክላ

ዕቃው በደህና ደርሶ ተሸጠ እንበል። ገዢው ቤቱ ወስዶ፣ እንግዶች ጠርቶ፣ በመጀመሪያው ማታ እንጨት እስከ አፉ ሞልቶ ለኮሰው። ሸክላው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ገዢው «የሜክሲኮ ዕቃ ርካሽ ነው» ብሎ ለጎረቤቱ ያወራል፤ ጎረቤቱም አይገዛም።

ችግሩ የአገሩ ሳይሆን የአጠቃቀሙ ነው። ይህን ለእኛ አገር እመቤት ማስረዳት አያስፈልግም። አዲስ ምጣድ ከገበያ እንደመጣ እንጀራ እንደማይጋገርበት፣ በጎመን ዘር እየታሸ መሟሸት እንዳለበት ታውቃለች። የሜክሲኮ እመቤትም ቶርቲያ የተባለውን ቂጣ የምትጋግርበትን አዲስ የሸክላ ምጣድ መጀመሪያ የኖራ ውሃ ቀብታ ታሟሸዋለች። ቺሜኔያውም መሟሸት አለበት። ልዩነቱ የለንደን ወይም የዳላስ ገዢ ይህን ከእናቱ አለመማሩ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ይህ ሸክላ የሚተኮሰው እንደ ፖርሴሊን ባለ ከፍተኛ ሙቀት ስላልሆነ ግድግዳው በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ቀዳዳዎቹ ከአየርና ከዝናብ ውሃ ይመጣሉ። በድንገት ሲሞቅ ውሃው እንፋሎት ይሆናል፤ ውሃ እንፋሎት ሲሆን ደግሞ ይዘቱ ከ1,600 ጊዜ በላይ ያድጋል። በተጨማሪ የውስጡ ግድግዳ ሞቆ ሲለጠጥ የውጭው ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ስንጥቁ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በሆዱ ውስጥ ከአፉ ከንፈር ዝቅ ብሎ እስኪደርስ ድረስ አሸዋ ወይም ጠጠር ይደረጋል፤ እሳቱ ታቹን በቀጥታ እንዳያገኘው ይከላከላል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት እሳቶች በጭራሮ ብቻ፣ በጣም ትንንሽ ሆነው ይነዳሉ፤ ከእያንዳንዱ በኋላም ሸክላው በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ነበልባሉ በአንገቱ አናት መውጣት የለበትም። እሳቱን በውሃ ማጥፋት ወይም በነዳጅ መለኮስ ክልክል ነው። ዝናብ ሲመጣ ይሸፈናል። ውርጭ ባለበት አገር ክረምቱን መጠለያ ውስጥ ያሳልፋል፤ በቀዳዳዎቹ የገባው ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ያህል ስለሚያብጥ ሸክላውን ይፈለፍለዋል።

እዚህ ላይ የኢኮኖሚ ባለሙያው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ነገር ይሠራል። ገዢው ጥሩውን ዕቃ ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም የሚሰጠው መካከለኛ ዋጋ ነው። በዚያ ዋጋ የማያዋጣው የጥሩው ዕቃ ባለቤት ከገበያው ሲወጣ መጥፎው ብቻ ይቀራል። ወፍራሙና በደንብ የተተኮሰው ቺሜኔያ ከስሱ ጋር ጎን ለጎን ሲቆም በዓይን አይለይም። ሁለቱም ደግሞ ሳይሟሹ ከተለኮሱ ይሰነጠቃሉ። የአጠቃቀም ወረቀት ሳይሰጥ የሚሸጥ ነጋዴ የራሱን ገበያ ያበላሻል የሚባለው ለዚህ ነው።

ብረቱ መጣ

ይህን ክፍተት የብረት ምድጃ ሠሪዎች ገቡበት። በመጀመሪያ የመጣው በቺሜኔያ ቅርጽ የተሠራ የብረትና የአልሙኒየም ምድጃ ነው። ከዚያም ዝርግ የእሳት ሳሕኖች ተከተሉ። ብረት መሟሸት አያስፈልገውም፣ ሲወድቅም አይሰበርም። ይዝጋል፤ ላዩም ከሸክላ ይልቅ ስለሚፋጅ ልጆች ላሉበት ቤት አደገኛ ነው። አልሙኒየም አይዝግም፣ ግን ውድ ነው።

ሸክላውን የጎዳው ዋናው ነገር ግን ተፈታትቶ መታሸጉ ይመስላል። የቆርቆሮ ምድጃ እግሩ፣ ሆዱና ጭስ ማውጫው ተለያይቶ በጠፍጣፋ ካርቶን ይገባል፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ በብሎን ይገጥመዋል። አንድ ቺሜኔያ በሚይዘው 0.3 ሜትር ኩብ ውስጥ ብዙ እንዲህ ያሉ ካርቶኖች ይደረደራሉ። ስለዚህ የብረቱ ነጋዴ ሸክላውን ገና ኮንቴነር ውስጥ ሳለ ይቀድመዋል።

ለሸክላው የቀረለት ገበያ መልኩንና የእጅ ሥራነቱን ፈልጎ ተጨማሪ የሚከፍለው ደንበኛና በመኪና የሚደረስበት የድንበር አካባቢ ገበያ ነው። በርካሽነት ከብረት ጋር እወዳደራለሁ የሚል የሸክላ ነጋዴ ግን ሒሳቡን ደግሞ ቢሠራ ይሻለዋል።

ጭስና ሕግ

የሚሸጥበትን አገር ደንብ ማወቅም የነጋዴው ድርሻ ነው። በእንግሊዝ ጭስ በተከለከለባቸው የከተማ ክልሎች ቺሜኔያን ከቤት ውጭ መጠቀም ይፈቀዳል። ጭሱ በሕንፃ ጣሪያ ላይ በወጣ ጭስ ማውጫ የሚለቀቅ ከሆነ ግን ክልከላው ይመለከተዋል። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ጎረቤትን የሚያውክ ጭስ በተደጋጋሚ የሚለቅን ሰው ማዘጋጃ ቤቱ እንዲያስቆመው ሥልጣን ይሰጣል። ደረቅ እንጨት ማንደድ ከጎረቤት ጋር ያስማማል።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ ግን የማይታየው ነው። ቺሜኔያ የግቢ ዕቃ ነው። ቤት ውስጥ፣ ድንኳን ውስጥ ወይም በተዘጋ በረንዳ ከተቀጣጠለ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ሽታ የሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥለው የሚተኙ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። ፍሙ የጠፋ በሚመስልበት ጊዜም ጋዙ ይወጣል። እንዲሁም ምድጃው በእንጨት ወለል ላይ በቀጥታ መቀመጥ የለበትም።

ውል ከመፈረም በፊት

ለማጠቃለል፣ በዚህ ዕቃም ሆነ በሌላ ግዙፍና ተሰባሪ ዕቃ ለመነገድ የሚያስብ ሰው አምስት ጥያቄዎችን አስቀድሞ ቢመልስ ይበጀዋል።

አንደኛ፣ አንድ ኮንቴነር ስንት ይይዛል? የአንዱ የጉዞ ዋጋስ ከመግዣው ዋጋ ስንት እጥፍ ነው?

ሁለተኛ፣ ከመቶው ስንት ቢሰበር ነው ትርፉ የሚያልቀው? ይህን ቁጥር የማያውቅ ነጋዴ ዋጋ መቁረጥ የለበትም።

ሦስተኛ፣ የመድን ውሉ የትኛው ነው? የአያያዝ ስብራትን ይሸፍናል ወይ?

አራተኛ፣ ዕቃው የሚደርሰው መቼ ነው? የግቢ ምድጃ ዋና ገበያው ከፀደይ እስከ በልግ መግቢያ ነው። ከወቅቱ በኋላ የደረሰ ሸክላ የመጋዘን ኪራይ እየበላ ይከርማል፤ ደጅ ካደረም ውርጩ ያበላሸዋል።

አምስተኛ፣ ዕቃው ሲመረጥ ማን አጠገቡ ይቆማል? ደህና ሸክላ በጣት አጥንት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ የታፈነ ነው። ይህ ምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከመጫኑ በፊት በቦታው መገኘትን ነው።

በገዢው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ የአጠቃቀም ወረቀት ከእያንዳንዱ ምድጃ ሆድ ላይ መለጠፍም አይዘንጋ። የሚያስወጣው የወረቀቱን ዋጋ ብቻ ነው፤ የሚከላከለው ግን የትኛውም የመድን ውል የማይሸፍነውን፣ ዕቃው ከተሸጠ በኋላ በገዢው ግቢ የሚደርሰውን ስብራት ነው።